የሽማግሌዋ በር

በዚያ ዘመን አዳማ ላይ ሁለት ሰው ሲገናኝ ከጤና ይስጥልኝ ቀጥሎ «ስንት በር ቀረህ?» ተባብሎ መጠያየቅ ነውር አልነበረም። አዋሽ ከቀጠነ ወዲህ ውሃ በፈረቃ መታደሉ ቀርቶ በነፍስ ወከፍ ሆኗል። ለሽንት ውሃ የማይፈልገው ደረቁ ክፍል ስላለ እሱን የሚቆጥር የለም። የሚቆጠረው ሌላው ነው። ነዋሪው በሩ ላይ መዳፉን ያሳርፋል፤ በሩ ይከፈታል፤ ጉዳዩን ሲጨርስ ውሃው ይለቀቃል። ይህ በቀን ሦስት ጊዜ ይፈቀዳል። አራተኛው ላይ በሩ በለሰለሰ የሴት ድምፅ «የዛሬው ድርሻዎ ተጠናቋል። መልካም ቀን» ይላል፤ አይከፈትም።

ሦስት የሚለው ቁጥር በጥናት የተገኘ ነው። የፈረቃ ቢሮ ጥናቱን ያካሄደው ቢሮው ውስጥ በሚሠሩ ጤነኛ ወጣቶች ላይ ነበር።

ለአብዛኛው ሰው ሦስት በር ይተርፈዋል። ለወይዘሮ ውድነሽ አይበቃም።

ወይዘሮ ውድነሽ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህርት ናቸው። በሥራ ዘመናቸው አንድ ጊዜ ከጉሮሯቸው «እህም» ካሉ ግቢው ሙሉ ተማሪ ጸጥ ይል ነበር ይባላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት የማህፀን በር ካንሰር ይዟቸው በጨረር ታከሙ። ሆስፒታሉ መዝገባቸውን ሲዘጋ «ድነዋል» ብሎ ጻፈ። እውነትም ድነዋል። አንጀታቸው ግን ወሬው አልደረሰውም።

ጠዋት ፊታቸውን ሳይታጠቡ አንዱ በር ይሄዳል። ቁርስ እንደቀመሱ ሁለተኛው ይከተላል። ሦስተኛውን ለክፉ ቀን ሊያስቀምጡት ይሞክራሉ፤ ክፉ ቀን ደግሞ ረፋድ ላይ ይደርሳል። ሲመጣ ቀጠሮ አይሰጥም። ከወንበር ተነሥተው በሩ ጋ እስኪደርሱ ያለው ጊዜ አንዳንዴ ይበቃል፣ አንዳንዴ አይበቃም። ባልበቃ ቀን ቀሚሳቸውን ራሳቸው ያጥባሉ፤ ለማንም አይናገሩም።

ከሰዓት በኋላ ያለውን የሚያልፉት በጋሽ ለሜሳ ነበር።

ጋሽ ለሜሳ ፊት ለፊታቸው የሚኖሩ፣ ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡ ጎረቤት ናቸው። የእሳቸው ሆድ እንደ ቢሮክራሲ ነው፤ ጉዳይ ይገባል እንጂ አይወጣም። ሳምንቱን ሙሉ አንድ በር ሳይነኩ የሚከርሙበት ጊዜ አለ። መዳፍ ደግሞ አይዋሱትም፤ ባለመዳፉ ራሱ መምጣት አለበት። ስለዚህ ወይዘሮ ውድነሽ ግድግዳውን ሲመቱ ጋሽ ለሜሳ በቢጃማቸው ኮሪደሩን ተሻግረው ይመጣሉ፤ የጎረቤታቸው በር ላይ መዳፋቸውን ያሳርፋሉ፤ ወይዘሮ ውድነሽ እንደ ንፋስ በአጠገባቸው ያልፋሉ። ከዚያ ጋሽ ለሜሳ ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ ስለ ኳስ ማውራት ይጀምራሉ። ጮክ ብለው ነው የሚያወሩት፤ የውስጡ ድምፅ እንዳይሰማ።

«በረኛውን አየሽው?» ይላሉ ለተዘጋው በር። «ኳሷ በእግሩ መሀል ስታልፍ ሰላምታ የሚሰጣት ይመስል ነበር!»

ወይዘሮ ውድነሽ ኳስ አይወዱም። ቢሆንም የሊጉን ደረጃ በቃላቸው ያውቁት ነበር።

ጋሽ ለሜሳ ነገሩ አሜባ ነው ብለው ያምናሉ። ምድር ቤት ያለችው ጎረቤት ጃርዲያ ነው ትላለች። የዕድሩ ጸሐፊ ጨጓራ ነው ይላሉ። ሁሉም መድኃኒት አላቸው። ፌጦ በሎሚ መጣ፣ ነጭ ሽንኩርት በማር መጣ። በመጨረሻ ምድር ቤት ያለችው ጎረቤት አንድ ትልቅ ጣሳ ተልባ አምጥታ «ጠዋት ጠዋት በጥብጠሽ ጠጪው፤ አንጀት ያለሰልሳል» አለቻቸው። ወይዘሮ ውድነሽ ጠጡ። አንጀታቸው ለሰለሰ። በዚያ ሳምንት ጋሽ ለሜሳ ቢጃማቸውን ሳያወልቁ ሰነበቱ።

ቀስ በቀስ ወይዘሮ ውድነሽ ከቤት መውጣት ተዉ። መጀመሪያ ገበያ ቀረ። ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያን ቀረ፤ ቅዳሴ ረጅም ነው። ከዚያ ለቅሶ ቀረ፤ ሰውም ተቀየመ። «ሹመቷ ሲቀር ኩራቷ ባሰባት» ተባለ።

አንድ እሑድ ኢዮስያስ መጣ። ኢዮስያስ የሟች እኅታቸው ልጅ ነው፤ ከጡት ጀምሮ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ብርቱካን በፌስታል ይዟል፤ ፊቱ በርቷል።

«እቴቴ፣ ሽማግሌ ልልክ ነው።»

«እልልል! ለማን?»

«ለለሊሴ ነዋ፣ ለማን እልካለሁ? አባቷ ግን አስቸጋሪ ናቸው። አቶ ደገፋን ታውቂያቸው የለ? የፈረቃ ቢሮ ኃላፊው።»

ወይዘሮ ውድነሽ ያውቋቸዋል። አዳማ ውስጥ የማያውቃቸው የለም። ሦስት በር ብለው የወሰኑት እሳቸው ናቸው። በየአደባባዩ ስክሪን ላይ ቀጥ ብለው ቆመው «ለእኔ በቀን አንድ ይበቃኛል» ሲሉ ይታያሉ።

«ወግ ይወዳሉ» አለ ኢዮስያስ። «ሁሉም ነገር እንደ ድሮው ይሁን ብለዋል። ሽማግሌ ሳሎን መሀል ቆሞ ይጠይቃል፤ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። እና እቴቴ… አንቺ እንድትመሪልኝ ነው የምፈልገው። አንቺ ስትናገሪ እንቢ የሚል ሰው አላየሁም።»

በዚያ ዘመን ሴት ሽማግሌ መምራቷ ብርቅ አልነበረም። ወይዘሮ ውድነሽ ግን አንድ ሳሎን ታያቸው፤ መሀሉ ላይ ራሳቸውን ቆመው አዩ፤ ሲቆሙ፣ ሲቆሙ፣ ሲቆሙ።

«ጉልበቴን ያመኛል» አሉ።

«ጉልበትሽን?»

«መቆም አልችልም፤ ሌላ ሰው ፈልግ።»

ኢዮስያስ «ባለፈው ለምርቃቷም አልመጣሽም» አለ። «ከዚያ በፊት ምሳ ስትጠራሽም አልመጣሽም። ለሊሴን አልወደድሻትም አይደል? ንገሪኝ እንጂ እቴቴ። ሰበብ አትፍጠሪብኝ።»

«ኧረ ልጄ…»

«በቃ ተይው።» ብርቱካኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ።

ወይዘሮ ውድነሽ ሊከተሉት ተነሡ። በዚያች ቅጽበት ሆዳቸው ጠራቸው። ወደ ደረጃው ሳይሆን ወደ ግድግዳው ሄደው መቱት።

ጋሽ ለሜሳ መጡ፤ መዳፋቸውን አሳረፉ። ኳስ ግን አላወሩም።

«ልጁ ደረጃው ላይ ተቀምጧል» አሉ በበሩ በኩል። «ምን ሆነህ ነው ስለው ‹እናቴ ጠልታኛለች› አለኝ። ምን አድርገሽው ነው?»

ከውስጥ ወይዘሮ ውድነሽ «ጋሽ ለሜሳ» አሉ። «አሜባ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ጨረር ነው።»

«የምን ጨረር? የፀሐይ?»

«የሕክምና። ለካንሰሩ የተሰጠኝ። ካንሰሩን አጠፋልኝ፤ ሆዴን ግን እንደሚያዩት አደረገው።» በሩ መሀላቸው ስለነበር ሌላውንም ተናገሩ፤ የሚያመልጣቸውን፣ የሚያጥቡትን ቀሚስ፣ የቀሩበትን ለቅሶ ሁሉ። ፊት ለፊት ቢሆን አንዱንም አይሉትም ነበር።

ጋሽ ለሜሳ ጣሪያውን ማየት ትተው በሩን አዩት። «ለሐኪሞቹ ነግረሻቸዋል?»

«ምን ብዬ? ከሞት አፍ አወጡኝ። አሁን ደግሞ ‹ሆዴን አበላሻችሁት› ብዬ ልክሰሳቸው? ነውር አይደለም?»

«ቤትሽን ከእሳት ያተረፈልሽ ሰው ጣሪያው ያፈሳል ብትዪው ይቀየማል?»



«ጨርሰሽ ውጪ» አሉ ጋሽ ለሜሳ። «ነገ እንሄዳለን። እኔም እመጣለሁ፤ መዳፌ ያስፈልግሻል።»

የካንሰር ክሊኒኩ መግቢያ ላይ ሰው አልነበረም፤ ስክሪን ነው ያለው። ወይዘሮ ውድነሽ ፊቱ ሲቆሙ በደስታ በራ።

«እንኳን ደስ አለዎት! ከካንሰር ነፃ ነዎት።»

«ይመስገን። የመጣሁት ግን ሆዴን…»

«እንኳን ደስ አለዎት!»

«በቀን አምስት ስድስት ጊዜ…»

ስክሪኑ ላይ አበባ ተበተነ። ጋሽ ለሜሳ ጠጋ ብለው «ይሄ ነገር ሠርግ ቤት ነው እንዴ?» አሉና በመዳፋቸው ጎኑን መቱት። የማንቂያ ደወል ጮኸ። ደወሉን ሰምታ አንዲት ነርስ እየሮጠች ወጣች። ሲስተር ሐዊ ትባላለች፤ ቁጡ ፊት አላት፤ ለስድብ የከፈተችውን አፍ ወይዘሮ ውድነሽን ስታይ ዘጋችው።

«ምን ሆነው ነው እናቴ?»

ክፍሏ ውስጥ አስገብታ ዝም ብላ አልጻፈችም፤ ጠየቀች። ሌሊት ይቀሰቅስዎታል? ደም አይተው ያውቃሉ? ቅባት የበዛበት ሲበሉ ይብስብዎታል? አምልጦዎት ያውቃል? የመጨረሻውን ስትጠይቅ «ዛሬ ቁርስ በልተዋል?» እንደማለት አድርጋ ስለነበር ወይዘሮ ውድነሽም «አዎ፣ ብዙ ጊዜ» አሉ፤ ቁርስ እንደበላ ሰው።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዳንኩ ጀምሮ።»

ሲስተር ሐዊ ወንበሯን ሳበች። «እናቴ፣ በጨረር የታከሙ ብዙ ሰዎች ይሄ ያገኛቸዋል። አንዳቸውም አይናገሩም። እናንተ ለምስጋና ብላችሁ ዝም ትላላችሁ፤ እኛ ደግሞ ዝም ስላላችሁ ደህና ናቸው እንላለን። ያ ስክሪንም እንኳን ደስ አላችሁ እያለ ይኖራል።»

ምርመራ ታዘዘ፤ ሐኪም አየ፤ ክፉ ነገር አልተገኘም። የተገኘው ሌላ ነበር። ጨረሩ ዕጢውን ሲያቃጥል ወላፈኑ አጠገቡ ያለውን አንጀት ነክቶታል፤ አንጀቱ ሐሞትን መልሶ መምጠጥ አቅቶት ወደ ታች እየለቀቀው ነው የሚያስሮጣቸው። ሐሞቱን የሚይዝ ዱቄት ከምግብ ጋር እንዲወስዱ፣ ከቤት ሲወጡ ደግሞ አስቀድመው አንዲት ኪኒን እንዲውጡ ተነገራቸው። ቅባት እንዲቀንሱ፣ ጥሬ ጎመን እንዲተዉም ተባሉ።

«ተልባውንም ያቁሙ» አለች ሲስተር ሐዊ።

«መድኃኒት ነው ብለውኝ?»

«ነው። ለእሳቸው ነው መድኃኒቱ» አለች ወደ ጋሽ ለሜሳ እያመለከተች። ጋሽ ለሜሳ ሲጠባበቁ ስለ ራሳቸው ሆድ አንድ ሁለት ነገር ሹክ ብለዋት ነበር።

ከዚያ የጡንቻው ነገር መጣ። «ሰው መሀል ነፋስ እንዳያመልጥዎት ሲፈሩ የሚጨምቁትን ጡንቻ ያውቁታል?»

«ሥራዬ እሱ ነው» አሉ ወይዘሮ ውድነሽ።

«እሱን ያሠሩት። ይጭመቁ፣ ያዝ ያድርጉ፣ ይልቀቁ። በቀን ብዙ ጊዜ። ወጥ ሲያማስሉም፣ ስልክ ሲያወሩም።»

«ትርፍ በር ብትጽፉላትስ?» አሉ ጋሽ ለሜሳ።

ሲስተር ሐዊ ሳቀች፤ የደስታ ሳቅ አልነበረም። «ለፈረቃ ቢሮ ስንት ጊዜ ጠይቀናል! ‹የዳነ ሰው በሽተኛ አይደለም› የሚል መልስ መጣልን። አቶ ደገፋ የፈረሙበት ነው።»

ሳምንታት አለፉ። ወይዘሮ ውድነሽ ዱቄቱን ወሰዱ፤ ወጥ እያማሰሉ ጨመቁ፤ መስኮት ላይ ቆመው መንገደኛ እያዩ ጨመቁ። ሆዳቸው እንደ ኮረዳ አልሆነም፤ ሲስተር ሐዊም ይሆናል አላለችም። ግን አንድ ቀን ሦስተኛው በር ሳይነካ መሸ። ወይዘሮ ውድነሽ ይህን ሲያዩ ለማንም ሳይናገሩ ሳሎናቸው ውስጥ ብቻቸውን ትንሽ ጨፈሩ። ከዚያ ለኢዮስያስ ደወሉ።

«ጉልበቴ ተሽሎኛል» አሉት። «መቼ ነው የምንሄደው?»

በስልኩ ውስጥ አፍንጫውን ሲስብ ሰሙት።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ፤ ወይዘሮ ውድነሽ፣ ጋሽ ለሜሳ፣ ሦስተኛው የዕድሩ ጸሐፊ አቶ ሽብሩ። አቶ ሽብሩ ደግ ሰው ናቸው፤ ምርቃታቸው ግን ከሠርጉ ይረዝማል ይባላል። ሦስቱም ነጭ ለብሰው ሾፌር የሌላት ባጃጅ ውስጥ ተጠጋግተው ገቡ። ወይዘሮ ውድነሽ ኪኒናቸውን ውጠዋል፤ በራቸውን እስከ መጨረሻው ተጠቅመው ነው የወጡት፤ መንገዱም አጭር ነው።

መሀል መንገድ ላይ የአዳማ አቧራ ተነሣ። ባጃጇ «ለደኅንነትዎ ሲባል በሌላ መንገድ እንሄዳለን» አለችና ከተማውን ትዞር ጀመር። በሯ ያሰቡበት ሳይደርሱ አይከፈትም። ወይዘሮ ውድነሽ መስኮቱን እያዩ ጨመቁ።

ጋሽ ለሜሳ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አሉ። «አንድ ነገር ልንገርሽ፤ አትቆጪ። በር የለኝም።»

«ምን?»

«ጨርሻለሁ።»

«እርስዎ? ሦስቱንም?»

«ተልባው ነዋ!» አሉ ጋሽ ለሜሳ። ማዘን ነበረባቸው፤ ፊታቸው ላይ ግን ኩራት ነበር። «በሕይወቴ እንዲህ ሆኜ አላውቅም።»

የአቶ ደገፋ ሳሎን ሰፊ ነው። አቶ ደገፋ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ጫልቱ አጠገባቸው ቆመዋል።

«እንደምን ዋላችሁ። ተቀመጡ» አሉ አቶ ደገፋ፤ ወጉ ነውና።

«የመጣንበትን ሳናገኝ አንቀመጥም» አሉ ወይዘሮ ውድነሽ፤ ወጉ ነውና።

አቶ ሽብሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መክፈቻው የእሳቸው ነበር። «በመጀመሪያ» አሉ፣ «እግዚአብሔር ሰማይና ምድርን ፈጠረ።» ጋሽ ለሜሳ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አዳም ተፈጠረ። ሔዋን ተፈጠረች። አቶ ሽብሩ ስለ ጋብቻ ቅድስና ሲሉ ከገነት ሳይቸኩሉ ወጡ። ኖኅ እንጨት መቁረጥ በጀመረበት ሰዓት አንድ ድምፅ ሳሎኑን ሞላው። ረጅም፣ የሚንደቀደቅ፣ ከሩቅ ጀምሮ እየቀረበ የሚመጣ ድምፅ።

አቶ ደገፋ እጃቸውን አነሡ። «ዝም በሉ!»

ኖኅ ቆመ።

«ቧንቧ ነው» አሉ አቶ ደገፋ፤ ፊታቸው ተለዋወጠ። «ውሃ እየፈሰሰ ነው። በእኔ ቤት!» ሮጠው ግድግዳው ላይ ጆሯቸውን ለጠፉ። ድምፁ ደገመ። «እዚህ ነው! አይደለም፣ እዚያ ነው! ጫልቱ፣ ዋናውን ዝጊ!» ወይዘሮ ጫልቱ ወደ ጓዳ ሮጡ። አቶ ደገፋ በነጭ ልብሳቸው ተንበርክከው የግድግዳውን ሥር እያንኳኩ ሄዱ።

ወይዘሮ ውድነሽ ቆመዋል። ጨምቀው ይዘዋል፤ ጡንቻውም እንደተማረው ይዟል። ግን እስከ መቼ እንደሚይዝ ያውቁታል። ወደ ውጭ ቢሮጡ ሽምግልናው ይፈርሳል፤ ኢዮስያስ ምን ብሎ እንደሚያምን ያውቃሉ። ቢቆዩም… ቢቆዩ ምን እንደሚሆን አሰቡት።

«እህም» አሉ።

ቤቱ ጸጥ አለ። አቶ ደገፋ እንደ ተንበረከኩ ቀና አሉ።

«አቶ ደገፋ፣ ግድግዳውን ይተዉት። ቧንቧው እኔ ነኝ።»

«ምን አሉ?»

«ሆዴ ነው የጮኸው። ካንሰር ነበረብኝ፤ በጨረር ታክሜ ዳንኩ። ጨረሩ አንጀቴን ነካው። ከዚያ ወዲህ ሲመጣብኝ አያስጠብቀኝም። ከሰው የራቅኩት፣ ልጄንም ያስቀየምኩት በዚህ ነው እንጂ ልጅዎን ጠልቼ አይደለም። እንግዲህ ሳይሰጡን አንቀመጥም ብለናል። እኔ ግን አሁን መቀመጥ አለብኝ። እዚህ ሳሎን ግን አይደለም።»

ማንም አልሳቀም። ወይዘሮ ጫልቱ ከጓዳ ተመልሰው ነበር፤ መጀመሪያ የተነቃነቁት እሳቸው ናቸው። የወይዘሮ ውድነሽን ክንድ ይዘው ወደ ኮሪደሩ ወሰዷቸው። ወይዘሮ ውድነሽ በተስፋ መዳፋቸውን በሩ ላይ አሳረፉ።

«የዛሬው ድርሻዎ ተጠናቋል። መልካም ቀን።»

አቶ ሽብሩ ተከትለው ደርሰው መዳፋቸውን አሳረፉ፤ እሳቸውም ሰው ቤት ላለመቸገር ብለው ሁሉንም ቤታቸው ጨርሰው ነው የመጡት። «መልካም ቀን» አላቸው በሩ።

«ዞር በሉ» አሉ አቶ ደገፋ። «እኔ በቀን አንድ ነው የምጠቀመው፤ ሁለት ይኖረኛል።» መዳፋቸውን ቀጥ አድርገው አሳረፉ።

«አቶ ደገፋ፣ የዛሬው ድርሻዎ ተጠናቋል። መልካም ቀን።»

ሁሉም ወደ ወለሉ አየ።

«ከጠዋት ጀምሮ ሲመላለስ ነው የዋለው» አሉ ወይዘሮ ጫልቱ። «አንድ ልጁን ሊሰጥ ነዋ! ሲጨንቀው ሆዱ አይችልለትም።»

«አንቺ ክፈችላቸው እንግዲህ!» አሉ አቶ ደገፋ፤ ጆሯቸው ድረስ ቀልተዋል።

«የእኔን ሁሉ ላንተ ከፍቼ ጨረስኩት እኮ!»

በዚህ መሀል ከጓዳ በኩል ያለ በር ተከፈተና ለሊሴ ወጣች። በወጉ መሠረት ሽማግሌዎቹ እስኪሄዱ መታየት የለባትም። ጥልፍ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ በአባቷና በአቶ ሽብሩ መሀል ገባችና መዳፏን በሩ ላይ አሳረፈች።

«እንኳን ደህና መጡ» አለ በሩ።

ወይዘሮ ውድነሽ ገቡ። ደረሱ።

ጋሽ ለሜሳ ወዲያው ጣሪያውን አይተው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «የትናንቱን ጨዋታ አይታችኋል? ዳኛው ምን ነክቶት ነው?» አቶ ሽብሩ ግራ ገብቷቸው አዩዋቸው፤ ከዚያ ገባቸውና «እሱማ ቅጣት ምት ነበር!» ብለው ጮኹ። አቶ ደገፋ ወደ በሩ አዩ፤ ወደ ሁለቱ ሽማግሌዎች አዩ። ኳስ አይተው የሚያውቁ ሰው አልነበሩም። «እ… ኳሷን» አሉ ባለ በሌለ ድምፃቸው፣ «ኳሷን ለምን አይዟትም ነበር?»

«በእግር ነው የሚጫወቱት አቶ ደገፋ።»

«ታዲያ በእግራቸው ለምን አይዟትም!»

ለሊሴ በሩ ላይ ተጠግታ ዝቅ ባለ ድምፅ «እትዬ ውድነሽ፣ አይቸኩሉ» አለች። «ሳሙናው በቀኝዎ ነው። ዋናውን አሁን እከፍተዋለሁ፤ ውሃ ይመጣል። ኢዮስያስ ስለማይወዱኝ እንደማይመጡ ነግሮኝ ነበር።»

«ልጄ» አለ ከውስጥ የመጣው ድምፅ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ከኢዮስያስ አስበልጬ ነው የምወድሽ።»

ወይዘሮ ውድነሽ ተመልሰው ሳሎኑ መሀል ቦታቸው ላይ ቆሙ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። «የት ደርሰን ነበር?»

«ኖኅ ላይ» አሉ አቶ ሽብሩ።

«ሽብሩ፣ ኖኅን ለመርከቡ ተውለት» አሉ ጋሽ ለሜሳ።

«እሺ እተወዋለሁ፤ አንድ ቃል ብቻ። ልጅቷ በገዛ መዳፏ ለእኛ ወገን በር ከፍታለች። ደጁን ከከፈተ በኋላ እንቢ የሚል ቤት እኔ አላውቅም።»

አቶ ደገፋ ወይዘሮ ውድነሽን ነበር የሚያዩት። «የዳነ ሰው በሽተኛ አይደለም ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ» አሉ።

«አውቃለሁ።»

«እያወቁ ነው የመጡት?»

«እኔ የመጣሁት ለልጄ ነው።»

አቶ ደገፋ መሀረባቸውን አውጥተው ግንባራቸውን ጠረጉ። «ተቀመጡ።»

«ሳይሰጡን?»

«ሰጥቻለሁ! ሰጥቻለሁ፣ ተቀመጡልኝ በቃ፤ ዛሬ ሌላ ነገር አልችልም።»

ወይዘሮ ጫልቱ እልል አሉ። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ።

የፈረቃ ቢሮ በጨረር የዳኑትን ሰዎች ጉዳይ ለኮሚቴ መራው፤ ኮሚቴው ንዑስ ኮሚቴ አቋቋመ። በመጨረሻ «በሕክምና ምክንያት ጨረር ያገኛቸው ነዋሪዎች» ያለ ገደብ በር እንዲከፈትላቸው ተወሰነ። በሮቹ ግን ጥርሱን ኤክስሬይ የተነሣውንም ሁሉ ቆጠሩት፤ ግማሽ ከተማው ነፃ ወጣ። ስህተት መሆኑን ቢሮው ያውቃል ይባላል። አቶ ደገፋ እንዲያርሙት ሲጠየቁ «እየተጠና ነው» ይላሉ።

ሠርጉ የተደረገው ከጥቅምት በኋላ ነበር። ወይዘሮ ውድነሽ ዱቄታቸውን ከምሳቸው ጋር ወስደው፣ ቅቤውን ወደ ዳር ገፋ እያደረጉ በሉ፤ ጨፈሩም። ላብ ሲያልባቸው ዳር ይዘው ሲቀመጡ አንዲት ሴት አዩ። የአቶ ደገፋ ታላቅ እኅት ናቸው፤ ወይዘሮ ድንቄ ይባላሉ። ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው መውጫው ጋ ቆመዋል። ወንበር ሲሰጣቸው እንቢ ይላሉ፤ ምግብ ሲቀርብላቸው እጃቸውን ያወዛውዛሉ።

ወይዘሮ ውድነሽ ትንሽ አዩዋቸው። ከዚያ አልጫ ያለበት ሳህን ይዘው ሄዱ።

«ምነው አይበሉም?»

«ጾም ነኝ።»

«በፍስክ?»

ወይዘሮ ድንቄ ግራ ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ቀነሱ። «ወንድሜ ቤት መጥተው ያሉትን ሰምቻለሁ። እውነት እንደዚያ ብለው ተናገሩ? ወንዶች ፊት?»

«ምን ላድርግ? ሆዴ ቀድሞኝ ተናግሮ ነበር።»

ወይዘሮ ድንቄ ሊስቁ ብለው ተዉት። «እኔም» አሉ፣ «እኔም በጨረር ነው የዳንኩት። ከዚያ ወዲህ ሰው ቤት እህል ቀምሼ አላውቅም። የእኅቴን ልጅ ሠርግ ውጭ ቆሜ ነው የጨረስኩት።»

«ለማን ተናገሩ?»

«ለማን እናገራለሁ? ለእግዚአብሔር።»

«እሱማ ያውቃል» አሉ ወይዘሮ ውድነሽ። «የማታውቀው ሲስተር ሐዊ ነች። ሰኞ ጠዋት አብረን እንሄዳለን። መግቢያው ላይ ያለው ስክሪን እንኳን ደስ አለዎት ሲልዎት አይመልሱለት፤ ዝም ብለው ይለፉት።»

ወይዘሮ ድንቄ ሳቁ። ድንገት የመጣ ሳቅ ስለነበር አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ፤ ትከሻቸው ግን አልቆመም። ወይዘሮ ውድነሽ ሳህኑን ዘረጉላቸው። ወይዘሮ ድንቄ ጭፈራውን አዩ፣ ሙሽሮቹን አዩ፣ ቦርሳቸውን ወለሉ ላይ አስቀመጡና የመጀመሪያዋን ጉርሻ ጠቀለሉ።